የባላገር ቫዮሊን በእንግሊዝ አገር

በ1657 ዓ.ም. የእንግሊዝ ፓርላማ ሥራ ፈቶችንና ዘዋሪዎችን የሚመለከት አንድ ሕግ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚነሣው ዘመን ሁሉ የሚቆጠረው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።) በሕጉም ውስጥ፤ በእንግዳ ማረፊያ ወይም በመጠጥ ቤት ገብቶ ቫዮሊን ሲመታ የተገኘ ሰው፤ ወይም ስሙኝ እያለ ሰውን ሲለማመጥ የተያዘ ሰው፤ ጉልበት እያለው እንደሚለምን ወሮበላ ተቆጥሮ ይቀጣ የሚል ቃል ነበረበት። ንጉሡ ቻርልስ አንደኛ በ1649 አንገቱን ተቆርጦ ስለ ነበረ፤ በዚያን ጊዜ አገሩን የሚያስተዳድረው ኦሊቨር ክሮምዌል ነበር። ከእርሱ ጋራ የቆሙት ሰዎች በሃይማኖታቸው እጅግ ጥብቅ ስለ ነበሩ ስካርንና ዋዛ ፈዛዛን ይጠየፉ ነበር፤ እንዲህ ያለ ሕግ ቢያወጡ የሚያስደንቅ አይደለም። የሚያስደንቀው ሌላ ነው። በዚያው በ1657 በኖቬምበር ወር ክሮምዌል ልጁን ፍራንሲስን ሲድር፤ በኋይትሆል ቤተ መንግሥት 48 ቫዮሊኖች ተመቱ፤ ወንዱና ሴቱም ተቀላቅሎ ሊነጋ እስኪቃረብ ድረስ ሲጨፍር አደረ። እንግዲህ ሕጉ የጠላው ቫዮሊኑን አልነበረም፤ ቫዮሊን ይዞ የሚዞረውን ድኻ ነበር እንጂ።

ይህን ያስቀደምሁት የእንግሊዝ ባላገር ቫዮሊን ታሪክ በብዙው እንዲህ ስለ ሆነ ነው። ዜማውን ሁሉም ይወድደዋል፤ የሚመታውን ሰው ግን ከደጅ ያቆሙታል። በዚህ ነገር የእኛም አገር አዝማሪ ቢጠየቅ የሚናገረው አያጣም፤ እኛ ግን ወደ ጀመርነው እንመለስ።

ሕጉ ከመውጣቱ ከ6 ዓመት በፊት፤ በ1651፤ ጆን ፕሌይፎርድ የተባለ የለንደን መጽሐፍ ሻጭ የባላገር ጭፈራ ማስተማሪያ የሆነ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። በውስጡም የ105 ጭፈራዎች አካሄድ ከነዜማቸው ተጽፎ ይገኛል። በእነዚያ በጥብቆቹ ሰዎች ዘመን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ታትሞ ገዢ ማግኘቱ፤ ሕዝቡ በልቡ ምን ይዞ እንደ ነበረ ያስረዳል። ከዚያም በኋላ እየታረመና እየተጨመረበት እስከ 1728 ገደማ ድረስ 18 ጊዜ ታተመ። ዛሬ እንግሊዞች የሚመቷቸው ብዙ የቆዩ ዜማዎች ተጠብቀው የተገኙት ከዚህ መጽሐፍ ነው። ይሁን እንጂ ፕሌይፎርድ ያሰበው ለጌቶችና ለከተማ ሰዎች ነበር። በየመንደሩ ያለው ቫዮሊን መቺ ዜማውን የሚማረው ከአባቱ፣ ከጎረቤቱ፣ ወይም በገበያ ቀን ካገኘው መንገደኛ ነበር።

መሣሪያው ራሱ ከማንኛውም ቫዮሊን የተለየ አይደለም። በ16ኛው መቶ ዓመት በኢጣልያ አገር የተሠራው ባለ አራት ጅማት ቫዮሊን ወደ እንግሊዝ ገብቶ፤ ቀድሞ የነበሩትን ባለ ደጋን መሣሪያዎች እየተካ ሄደ። ባላገሩ «ፊድል» ይለዋል፤ በኮንሰርት አዳራሽ ሲሆን «ቫዮሊን» ይባላል፤ ልዩነቱ ያለው በእንጨቱ ሳይሆን በእጁ ነው። የአዳራሹ ሙዚቀኛ ቫዮሊኑን በአገጩ ሥር አጥብቆ ይይዛል፤ ለዚህም የሚያገለግለውን የአገጭ ማስደገፊያ በ1820 ገደማ የፈለሰፈው ሉድቪግ ሽፖር የተባለ ጀርመናዊ ነው። የጥንቱ ባላገር ግን ብዙ ጊዜ ቫዮሊኑን ደረቱ ወይም ክንዱ ላይ አስደግፎ ይመታ ነበር። እንዲህ ሲያዝ የግራ እጅ በቫዮሊኑ አንገት ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ለመሮጥ አይመቸውም፤ ጣቶቹም ከአንገቱ ጫፍ አጠገብ ሳይርቁ ይሠራሉ። ስለዚህ ሥራው በሙሉ በቀኝ እጅና በደጋኑ ላይ ይወድቃል። ደጋኑ ሁለት ጅማት ባንድ ጊዜ እየነካ፤ አንደኛው ዜማውን ሲናገር ሁለተኛው እንደ ንብ ቀፎ ከሥር ያስተጋባል። ማሲንቆ መቺ በአንድ ጅማት ብቻ ስንት ነገር እንደሚናገር የሚያውቅ አንባቢ፤ የደጋን እጅ ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት አይቸገርም።

ይህ ሁሉ የሆነበት ምክንያት ጭፈራ ነው። የመንደሩ ቫዮሊን መቺ የሚመታው ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ሰው አልነበረም። በእህል ጎተራ ወይም በመጠጥ ቤት ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፤ ሃያና ሠላሳ ሰው ጫማውን እያንኳኳ በሚዞርበት መካከል ድምፁን ማሰማት ነበረበት። ድምፅ ማጉያ አልነበረም፤ አጋዥ ከበሮም ብዙ ጊዜ አልነበረም። ከበሮው ራሱ ደጋኑ ነው። በአዳራሽ የሚወደደው የጅማት መንቀጥቀጥ በዚህ ቦታ ምንም አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ዘፋኙ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ ሳይጠራጠር እንዲያውቅ ማድረግ ነው። እንዲህ ያለውን መቺ ሻካራ ነው ብለው የናቁት የከተማ ሰዎች፤ በቆሎ የሚፈልገውን ሰው ጽጌረዳ ስላልያዘ እንደሚነቅፉት ያህል ተሳስተዋል።

እንግሊዝ ሰፊ አገር አይደለችም፤ ስፋቷ 130,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነገር ግን የባቡር ሐዲድ ከመዘርጋቱ በፊት የአንዱ አውራጃ ሰው የሌላውን አውራጃ ሰው ንግግር ለመስማት እንኳ ይቸገር ነበርና፤ ደጋኑም እንደ ምላሱ በየአገሩ የተለያየ ነበር።

በሰሜን ምሥራቅ ከስኮትላንድ ጋራ የሚዋሰነውን ኖርዘምበርላንድን እንመልከት። በዚያ አገር በብብት ሥር ባለ ወናፍ የሚነፋ፤ ድምፁ ለስላሳ የሆነ የአቁማዳ ዋሽንት አለ፤ ቫዮሊን መቺውና የዚህ ዋሽንት ነፊ አብረው እየተቀመጡ ዜማ ይለዋወጣሉ። በ1770 ዊልያም ቪከርስ የተባለ ሰው በዚያ አገር የሚመቱትን ዜማዎች በአንድ ደብተር ሰብስቦ ጽፎ ነበር፤ ቁጥራቸውም ወደ 580 ይደርስ ነበር። ከእንግሊዙ ዜማ ጋራ የስኮትላንዱና የአየርላንዱ ተደባልቆበት ይገኛል፤ ድንበር የሚባለውን ነገር ደጋን እንደማያውቀው ደብተሩ ምስክር ነው። ከዚያም በኋላ፤ በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ፤ በኒውካስልና በጌትስሄድ ከተማ ጄምስ ሂል የተባለ ቫዮሊን መቺ ተነሣ። የዚህ ሰው ሥራ ሆርንፓይፕ በሚባለው የጭፈራ ዜማ ላይ ነበር፤ ምቱ አራት አራት እየሆነ የሚሄድ፤ እንደሚያነክስ ሰው አንዱን እያረዘመ ሌላውን የሚያሳጥር ዜማ ነው። ሂል የደረሳቸው ሆርንፓይፖች ጣት የሚያሠቃዩ ናቸው፤ ደጋኑ ከአንዱ ጅማት ወደ ሌላው እየዘለለ ይውላል። ስማቸውንም ከከተማው ወሬ ነበር የሚያወጣላቸው። በ1849 በታይን ወንዝ ላይ ኒውካስልንና ጌትስሄድን የሚያገናኘው ከፍተኛው ድልድይ ሲከፈት፤ ለድልድዩ አንድ ሆርንፓይፕ ሠራለት፤ በዘመኑ እጅግ ስመ ጥር ለነበረችው ቢስዊንግ ለተባለችው የእሽቅድምድም ፈረስም እንዲሁ። ጋዜጣ ማንበብ የማይችል የከሰል ሠራተኛ የከተማውን ዜና በእግሩ ይጨፍረው ነበር ማለት ነው።

የዚሁ የኖርዘምበርላንድ ተራራማው ክፍል ሌላ ዓለም ነው። ዊሊ ቴይለር ከ1916 እስከ 2000 የኖረ የበግ እረኛ ነበር። በልጅነቱ ባገኘው አደጋ የግራ እጁን አንድ ጣት አጥቷል፤ ቫዮሊን ደግሞ ጅማት የሚጫነው በግራ እጅ ጣቶች ነው። እርሱ ግን በቀሩት ጣቶች የራሱን መንገድ አበጅቶ ዕድሜውን ሙሉ መታ፤ የአካባቢው ሰውም ከሁሉ ይልቅ የእርሱን የደጋን እጅ ያደንቅ ነበር። ከእርሱ ጋራ ጆ ሃተን በዋሽንቱ፤ ዊል አትኪንሰን በአፍ ሃርሞኒካ አብረው ይመቱ ስለ ነበር፤ ሦስቱን ሰው ሁሉ «እረኞቹ» ብሎ ይጠራቸው ነበር። የሂልን ዜማ ለሚያህል ፍጥነት አይቸኩሉም፤ ዜማው እንደ ኮረብታው ዝቅ ከፍ እያለ ይሄድ ዘንድ ይተዉታል። እኔ ምረጥ ብባል እረኞቹን እመርጣለሁ።

ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ በዮርክሸር ሃሮጌት አጠገብ በ1763 የተወለደ ጆሹዋ ጃክሰን የሚባል እህል ፈጪ ነበር። ወፍጮውን እያስፈጨ፤ በትርፍ ጊዜው ከ1798 ጀምሮ ዜማ በደብተር ይጽፍ ነበር፤ ቁጥሩም ወደ 500 ደረሰ። ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ደብተሩን ከእጅ ወደ እጅ እያስተላለፉ ስለ ጠበቁት በኋላ ለመታተም በቃ። ስንቱ እንዲህ ያለ ደብተር እሳት ማቀጣጠያ ሆኖ እንደ ቀረ ማን ያውቃል!

በመካከለኛው አገር በኖርዛምተንሸር፤ በ1793 የተወለደው ጆን ክሌር የቀን ሠራተኛ ልጅ ሆኖ ስመ ጥር ባለቅኔ ለመሆን በቃ። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ቫዮሊን መቺ እንደ ነበረ ነው። ደጋን መያዝ የተማረው በመንደሩ ዳርቻ ድንኳን ከሚተክሉት ጂፕሲ ከሚባሉት ሮማዎች ነበር፤ እርሱም ከ200 የሚበልጡ ዜማዎች ለቫዮሊን ጽፎ ትቷል፤ አንደኛው ደብተሩ 1818 የሚል ዓመት አለበት። በልጅነቱ ዘመን የመንደሩ ሕዝብ በጋራ ከብት የሚያሰማራበትና በበዓል ቀን የሚጨፍርበት ሜዳ በሕግ ታጥሮ ለባለ ርስቶች ተከፋፈለ፤ የእርሱን መንደር የሄልፕስተንን መሬት የሚመለከተው ሕግ የወጣው በ1809 ነው። ክሌር ይህን ነገር እስከ ሞቱ ድረስ አልረሳውም። ከ1837 ጀምሮ ጥቂት ወራት ሲቀሩ በአእምሮ ሕሙማን ቤት ኖሮ በ1864 ሞተ። ዜማ የሚኖረው በወረቀት ላይ ብቻ እንዳይመስለን፤ የሚጨፈርበት መሬት ሲታጠር ዜማውም አብሮ ይታጠራል።

በኮትስወልድ ኮረብቶች አካባቢ ደግሞ ሞሪስ የሚባል ጭፈራ አለ። ስድስት ወንዶች ነጭ ለብሰው፤ በቅልጥማቸው ላይ ቃጭል አስረው፤ መሐረብ እያውለበለቡ ይዘላሉ። በዚህ ጭፈራ የቫዮሊን መቺው ሥራ ከሁሉ የከበደ ነው። ዘፋኞቹ ከፍ ብለው የሚዘሉበት ቦታ ሲደርስ፤ ዜማው ያለው ፍጥነት በግማሽ ያህል መቀነስ አለበት፤ ሰው በአየር ላይ ሳለ ሊቸኩል አይችልምና። ስለዚህ መቺው ዓይኑን ከእግራቸው ላይ ሳይነቅል፤ ደጋኑን ከዘላዩ ጋራ አንሥቶ ከዘላዩ ጋራ ያወርደዋል። በኦክስፎርድሸር በባምፕተን ከተማ ከ1868 እስከ 1953 የኖረው ዊልያም ዌልስ፤ ጂንኪ በሚለው ቅጽል ስሙ የሚታወቀው፤ ይህን ሥራ ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። አንዳንድ ጊዜም የቡድኑ አሳሳቂ ሆኖ ይጫወት ነበር። ባምፕተኖች ዛሬም በጸደዩ መጨረሻ በየዓመቱ በከተማቸው ጎዳና ይጨፍራሉ።

በምሥራቅ በኖርፎክና በሰፎክ የነበረው ልማድ ከዚህ ይለያል። እዚያ የሚወደደው አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ በመጠጥ ቤቱ ወለል ወይም በተዘረጋለት ሳንቃ ላይ ጫማውን የሚያንኳኳበት ጭፈራ ነው። ዜማው አጭርና ግልጽ ነው፤ ጌጥ አይበዛበትም፤ ምክንያቱም ጌጡን የሚሠራው እግሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው ግን በደቡብ በዶርሴት የሆነው ነገር ነው። ከ1700 ገደማ ጀምሮ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ፤ ባብዛኛው የእንግሊዝ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን አልነበረም። የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ቫዮሊናቸውን፣ ክላሪኔታቸውንና ቼሎአቸውን ይዘው በስተምዕራብ ባለው ሰገነት ላይ እየወጡ መዝሙሩን ይመሩ ነበር። ጫማ ሰፊውና ግንበኛው፤ በሬ ነጂውና አናጢው በሥራ ቀን እንደ ማንኛውም ሰው ይውላሉ፤ በእሑድ ግን የሰገነቱ ባለሥልጣኖች እነርሱ ናቸው። ደራሲው ቶማስ ሃርዲ የተወለደው በ1840 ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ ነው። አያቱ ቼሎ፣ አባቱና አጎቱ ቫዮሊን በስቲንስፎርድ ቤተ ክርስቲያን ይመቱ ነበር። እንዲህ ያሉት ሰዎች የዜማ ደብተራቸውን እንዴት ይጽፉ እንደ ነበር ሃርዲ ያወሳል። ከፊት በኩል መዝሙር ይጽፋሉ፤ ደብተሩን ገልብጠው ከኋላ በኩል የጭፈራ ዜማ ይጽፋሉ፤ ሁለቱም እያደጉ ሄደው በደብተሩ መካከል ይገናኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የእሑዱ ደጋንና የቅዳሜ ማታው ደጋን አንድ ደጋን ነበር።

ሃርዲ ራሱም በልጅነቱ ቫዮሊን እየያዘ በየሰርጉና በየግብዣው ይሄድ ነበር። አንድ ጊዜ 12 ጥንድ ዘፋኞች የማይደክሙ ሆነው አንዱን ጭፈራ 45 ደቂቃ ሙሉ ሳያቋርጡ ሲያስመቱት፤ የቤቱ እመቤት ልጁ የደም ሥሩ ይበጠሳል ብላ ፈርታ ደጋን የያዘ ክንዱን ይዛ አስቆመችው። ይህን ያነበበ ሰው፤ ሃርዲ በልቦለዶቹ ውስጥ ስለ ጭፈራ ሲጽፍ ለምን እንደዚያ የሰው ትንፋሽ እንደሚሰማበት ይገባዋል።

እንግዲህ የሰገነቱ ቡድኖች እንዴት ጠፉ? ጦርነት አላጠፋቸውም፤ እንደ ክሮምዌል ዘመንም በሕግ አልተከለከሉም። አዳዲሶቹ ቀሳውስት ተምረው፤ ለአምልኮ ክብር ቀንተው መጡ። በእርግጥም የሚቀኑበት ነገር ነበራቸው፤ ከሰገነት ላይ ወደ መጠጥ ቤት የሚወርድ፤ ስብከቱ ሲረዝም ዜማ የሚለማመድ፤ ቄሱን ሳያማክር መዝሙር የሚመርጥ አይጠፋም ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ በእጅ የሚዞር ኦርጋን፤ ቀጥሎ ሃርሞኒየም፤ ገንዘብ ሲገኝ ትልቅ ኦርጋን ገባ። ሰገነቱም በብዙ ቦታ ፈረሰ። በስቲንስፎርድ ይህ የሆነው ሃርዲ ገና ሕፃን ሳለ ነው፤ እርሱም በ1872 ባሳተመው ልቦለድ አንድ የመንደር ቡድን ለኦርጋን ቦታውን ሲለቅቅ ያሳየናል። ያንን ልቦለድ የሚያነብ ሰው ቄሱን ለመጥላት አይችልም። ወጣት አንባቢ ሆይ፤ ክፉ ሰው ያደረገው ቢሆን ኖሮ ለመፍረድ እንዴት በቀለለን! ቄሶቹ ሥርዓት ፈለጉ፤ ሥርዓትም አገኙ። ነገር ግን ኦርጋን የሚመታው አንድ ሰው ነው፤ ሰገነቱ ላይ የነበሩት ስድስትና ስምንት ሰዎች እንግዲህ ሥራቸው ተቀምጦ ማዳመጥ ሆነ። የእሑዱን የተነጠቀ ደጋን የቅዳሜውን ብቻ ይዞ ቀረ፤ ቀድሞ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የነበረውም ሰው የመጠጥ ቤት ቫዮሊን መቺ ከመባል በቀር ሌላ ስም አላገኘም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ባጭሩ የሚነገር ነው። ሕዝቡ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ጎረፈ። ኮንሰርቲናና ባለ ቁልፍ አኮርዲዮን በርካሽ ተገኙ፤ ድምፃቸው ከቫዮሊን ይልቅ ይጮኻል፤ ለመማርም ይቀልላሉ። ቀጥሎ ግራሞፎን መጣ። ልጆቹም የአባታቸውን ቫዮሊን ግድግዳ ላይ ሰቀሉት።

በ1899 ከገና በማግስቱ፤ ሴሲል ሻርፕ የተባለ የሙዚቃ መምህር በኦክስፎርድ አጠገብ በሄዲንግተን የሞሪስ ዘፋኞችን በመስኮት አየ። ዘፋኞቹ ያለ ወራቸው የወጡት ውርጩ የግንብ ሥራ ስላስቆመባቸውና ሳንቲም ስለ ቸገራቸው ነበር። ሥራ ቢኖራቸው ኖሮ ሻርፕ አያያቸውም ነበር። ከዚህ በኋላ እርሱና መሰሎቹ በየመንደሩ እየዞሩ ዜማና ጭፈራ መጻፍ ጀመሩ፤ በ1911ም ሻርፕ የእንግሊዝ ሕዝብ ጭፈራ ማኅበርን አቋቋመ። ውለታቸው ትልቅ ነው። ማኅበሩ ጭፈራ ለሕዝብ እንዲያሳዩ ከመረጣቸው ወጣቶች መካከል አራቱ፤ ከእነርሱም አንዱ ሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ በተርወርዝ፤ በ1916 በጦርነት ሞቱ። ይህን ሳያስቡ በሰብሳቢዎቹ ላይ መፍረድ ተገቢ አይደለም። ሆኖም መናገር የሚገባን አንድ ነገር አለ። ሻርፕ የጻፈው ዜማውን ነው፤ ሲያሳትመውም ለፒያኖ አዘጋጅቶ ነው። ደጋኑ የት እንደ ጠነከረ፤ ሁለተኛው ጅማት የት እንዳስተጋባ፤ መቺው የት እንደ ዘገየ ብዙውን ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። የተማረው ሰው ዜማውን እንደ ወርቅ ቆጠረው፤ የሽማግሌውን እጅ ግን ወርቁ እንደ ተገኘበት አፈር አየው።

ይህ እንደምን ያለ ጉዳት እንደ ሆነ ከአንድ ቤተሰብ እንረዳዋለን። ሻርፕ በግሎስተርሸር ዜማ ከጻፈላቸው ሽማግሌዎች አንዱ ቻርልስ ባልድዊን ነበር። ልጁ ስቲፈን ባልድዊን በ1873 ተወልዶ ቫዮሊኑን ከአባቱ ወረሰ። ይህ ሰው 80 ዓመት አልፎት ሳለ፤ በ1954፤ ራስል ዎርትሊ የተባለ የጭፈራ ወዳጅ የድምፅ መቅረጫ ይዞ ሄዶ ዜማዎቹን ቀረጸለት። ሽማግሌው በማግስቱ ዓመት በ1955 ሞተ። እጁ በእርጅና የሻከረ ቢሆንም፤ ቅጂውን የሰማ ሰው ተቀምጦ መቆየት ያስቸግረዋል። ከአባቱ የተጻፈው ወረቀት ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አይነግረንም። አንድ ዓመት ቢዘገይ ኖሮ እኛም ወረቀቱን እያየን ባላገሩ እንዲህ ነበር የሚመታው ብለን እርስ በርሳችን እንሸነጋገል ነበር።

በኖርፎክም በሺፕዳም መንደር ዋልተር ቡልወር የሚባል በ1888 የተወለደ ቫዮሊን መቺ፤ ፒያኖ ከምትመታው ከሚስቱ ከዴዚ ጋራ በ1962 ተቀረጸ። ሸክላው በ1965 ሲወጣ የታተመው 99 ቅጂ ብቻ ነበር። ከዚህች ጥቂት ሸክላ ብዙ ወጣቶች ተማሩ፤ ከእጅ ወደ እጅ እየተዋዋሱ፤ መርፌውን እያነሡና እየመለሱ የሽማግሌውን ደጋን ሊይዙ ሞከሩ። ዛሬ በእንግሊዝ አገር የየአውራጃውን አመታት ለይተው የሚያውቁና የሚያስተምሩ ቫዮሊን መቺዎች አሉ፤ የቪከርስና የጃክሰንም ደብተሮች ታትመው ማንም ሊያገኛቸው ይችላል።

ከእነዚህ ከዛሬዎቹ ወጣት መቺዎች አንዱ ሳም ስዊኒ፤ ሮጀር ክላሪጅ ከተባለ የኦክስፎርድ ቫዮሊን ሠሪ አንድ ቫዮሊን ገዛ። ቫዮሊኑ አዲስ ነው፤ በውስጡ የተለጠፈው ጽሑፍ ግን 1915 ይላል። ስዊኒም ነገሩን ሲመረምር የሚከተለውን አገኘ። ቫዮሊኑን የጀመረው ሪቻርድ ሃዋርድ የተባለ የሊድስ ሰው ነበር። እንጨቱን ጠርቦ፤ ሆዱንና ጀርባውን፣ አንገቱን አዘጋጅቶ፤ ሳያገጣጥመው ለጦርነት ተጠራ። በ1917 በጁን ወር በ7ኛው ቀን በቤልጅግ አገር በሜሲን ጦርነት ሞተ። የተጠረበው እንጨት እንደ ተበታተነ ከዘጠና ዓመት በላይ ተቀምጦ ቆይቶ፤ ክላሪጅ እጅ ገባ፤ እርሱም አጣብቆና ቀለም ቀብቶ ጅማት ጫነበት። ስዊኒ በ2014 የሃዋርድን ታሪክ በየአዳራሹ እየተናገረ፤ በዚያው ቫዮሊን የእንግሊዝን ባላገር ዜማዎች መታበት።